ከፖርታ ፖርቴዜ እስከ ገርጂ፦ አሮጌ ኮት ፍለጋ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ጄት አውሮፕላኖች ተረክቦ፣ ለእነርሱ ከጠበበው ከልደታው አሮጌ ሜዳ ወደ ቦሌ በተዛወረበት ዘመን፣ ወደ አውሮጳ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ጥቂት፣ የሚሄድበትም ምክንያት የታወቀ ነበር፤ ወይ ተማሪ ነው፣ ወይ የመንግሥት መልእክተኛ ነው፣ ወይ ለሕክምና የሚሄድ ሕመምተኛ ነው። ዛሬ ግን ከዚሁ ማረፊያ በሌሊት በሚነሡት አውሮፕላኖች ላይ ባዶ ሻንጣ ይዘው የሚሳፈሩ ሰዎች በርክተዋል፤ ሻንጣው ባዶ የሆነውም ሲመለስ እንዲሞላ ታስቦ ነው። ወደ ዱባይ፣ ወደ ኢስታንቡል፣ ወደ ባንኮክና ወደ ጓንጁ እየተመላለሱ የቦሌንና የሃያ ሁለትን ቡቲኮች የሚያለብሱት እነዚህ የሻንጣ ነጋዴዎች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ መካከል በቁጥር እጅግ ያነሱ፣ በጠባያቸውም ለየት ያሉ አንዳንድ ወጣቶች ደግሞ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አዲሱን ትተው አሮጌውን መፈለግ ጀምረዋል።

የሚፈልጉት የወንድ ልብስ ነው። አባቶቻችን በጉብዝናቸው ወራት ለብሰውት በፎቶግራፍ የምናየውን የመሰለ ባለ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ሙሉ ልብስ፣ ኮሌታው ሰፊ የሆነ ኮት፣ ዝናብ የማይበግረው የሱፍ ካፖርት፣ ቀጭን ከረባት፣ ቦርሳሊኖ ባርኔጣ። ከእነዚህ ፈላጊዎች አንዱ የሚሠራው ገርጂ ውስጥ፣ በወላጆቹ ግቢ ባለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ሲሆን፣ በበሩ ላይ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የለውም፤ ደንበኛው የሚመጣው በስልክ ተቀጣጥሮ ነው። ክፍሏ ናፍታሌን ትሸታለች። ልብሶቹ በብረት ዘንግ ላይ እንደ ክብደታቸው ተራ ይዘው ተሰቅለዋል፤ በማዕዘኑ የእንፋሎት ካውያ፣ በአጠገቡም የቁልፍ ዓይነት የሞላበት የብስኩት ቆርቆሮ ይታያል። አንዱን ግራጫ ኮት ለማንሣት እጄን ስዘረጋ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና መጀመሪያ እጅዎን ቢታጠቡ» አለኝ፤ ታጥቤም ስመለስ ኮቱን ገልብጦ፣ ገበሩን ወደ ውጭ አድርጎ ሰጠኝ። «ኮት የሚነበበው ከውስጥ ነው» የሚል አነጋገር አለው፤ የሞያው ሁሉ መጀመሪያ ይኸው መሆኑንም ቆይቼ ተረዳሁ።

የመጀመሪያው ምርመራ በጣት የሚደረግ ነው። ከታችኛው ቁልፍ አጠገብ የፊቱን ጨርቅና ገበሩን በሁለት እጅ ይዞ በቀስታ ሲለያያቸው፣ በመካከላቸው ሦስተኛ ጨርቅ ብቻውን ሲላወስ ከተሰማ፣ ኮቱ የተሰፋው በጥንቱ ሥርዓት ነው ማለት ነው፤ ይኸውም ከሱፍና ከፈረስ ጭራ የተሠራ ውስጥ ጨርቅ በብዙ ጥቃቅን ስፌት ከፊቱ ጨርቅ ጋር እየተያያዘ፣ ከለባሹ ደረት ጋር ዓመት በዓመት እየተለማመደ ቅርጹን የሚይዝበት አሰፋፍ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ፣ ፋብሪካዎች ይህን ትዕግሥት ፈታኝ ግብረ እድ እየተዉ ውስጥ ጨርቁን በሙቀትና በሙጫ መለጠፍን ስለ ለመዱ፣ የዛሬው ርካሽ ኮት ጥቂት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ሙጫው ለቅቆ ደረቱ ላይ ይጎረብጣል፤ ያን ጊዜ ጎበዝ ልብስ ሰፊ እንኳ ሊያድነው አይችልም። የጥንቱ ግን ይፈታል፣ ይጠባል፣ ይሰፋል፣ ገበሩ ይለወጣል። አንድ ኮት ከአባት ወደ ልጅ ሊተላለፍ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ የዘመን ምርመራ ነው። በውስጥ ኪስ ወይም በአንገት ሥር የተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ ለሚያውቅ ሰው የልደት ምስክር ወረቀት ናት። ንጹሕ ሱፍ መሆኑን የሚመሰክረው የተጠማዘዘው የሱፍ ምልክት የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ሆነ፣ ያ ምልክት ያለበት ልብስ ከዚያ ዓመት በፊት ሊሆን አይችልም፤ «በምዕራብ ጀርመን የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ደግሞ ሁለቱ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1990 ከመዋሐዳቸው አስቀድሞ የተሰፋ ነው። በአሜሪካ የልብስ አስተጣጠብ መመሪያ በልብሱ ላይ እንዲሰፋ በሕግ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነውና፣ እንዲህ ያለ መመሪያ የሌለበት የአሜሪካ ኮት ከዚያ ይቀድማል የሚል ግምት ይሰጣል። የሊቫይስ ሱሪ የኋላ ኪስ ላይ ያለችው ቀይ ምልክት ስሙን ሁሉ በትልልቅ ፊደል የጻፈች እንደ ሆነች፣ ሱሪው እ.ኤ.አ. ከ1971 በፊት የተሠራ ነው ተብሎ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ጃፓኖች ይህን ጥበብ ከሁሉ ቀድመው አጥንተው የአሜሪካን አሮጌ ልብስ ገዝተው ወደ ቶኪዮ ስላጋዙት፣ ዛሬ አሜሪካዊው ራሱ የአያቱን ሱሪ ለማየት ሐራጁኩ የሚሄድበት ጊዜ አለ።

የገርጂው ወጣት ከሁሉ የሚመርጠው ሮምን ነው። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ የእንግሊዝ ኮት ትከሻው ይከብዳል፣ የአሜሪካው ወገቡ ይሰፋል፣ የጣሊያኑ ግን ለሐበሻ ሰውነት የተለካ ይመስላል ይላል፤ የቀጥታ በረራ መኖሩም ሳይረዳው አልቀረም። እኔም በአንድ እሑድ ማለዳ በዚያች ከተማ፣ ከቴቬሬ ወንዝ ማዶ በትራስቴቬሬ ሰፈር፣ ፖርታ ፖርቴዜ ከተባለው ጥንታዊ በር ጀምሮ የሚዘረጋውን ገበያ ተመልክቼ ስለ ነበር፣ የሚናገረው ሁሉ በዓይነ ኅሊናዬ ታየኝ። ገበያው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ፣ ሕዝቡ ተርቦና ታርዞ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ የተመሠረተ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ በየእሑዱ ከማለዳ እስከ ቀትር በኋላ ይቆማል። ልብሱ በረጅም ጠረጴዛዎች ላይ እንደ ገለባ ክምር ተቆልሎ፣ ሻጩ ከበላዩ ቆሞ ዋጋውን እየጮኸ፣ ገዢዎቹ ከሥር እየበረበሩ፣ አንዲት ባልቴት በአንድ እጇ የሕፃን ሹራብ በሌላው እጇ የጄኔራል ካፖርት ይዛ ስትከራከር ያየ ሰው መርካቶን የሚናፍቅበት ምክንያት አይኖረውም።

እዚያ ቦታ ደንቡ ጥብቅ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ የደረሰ የተሻለውን ያገኛል፤ ደስታውን በፊቱ ያሳየ ግን ዋጋው ወዲያው ይጨመርበታል። ሱሪ ሲነሣ መቀመጫውና ጉልበቱ፣ ኮት ሲነሣ ብብቱና ክርኑ አስቀድሞ ይታያል፤ ጨርቁ ወደ ብርሃን ከፍ ብሎ ሲዘረጋ ርኅራኄ በሌለው ብል የተበሳ እንደ ሆነ የፀሐይዋ ነጠብጣብ ትጋለጣለች። ገዢ ያጣው ሱፍ እንኳ ከንቱ ሆኖ አይቀርም፤ በቶስካና አውራጃ ያለችው የፕራቶ ከተማ ካለፈው መቶ ዓመት በፊት ጀምራ አሮጌ የሱፍ ልብስ እየለየችና እየፈተተች እንደገና ክር በማድረግ የታወቀች ናት። (ከዚያ ገበያ ወንዙን ተሻግሮ ጥቂት ለተራመደ ኢትዮጵያዊ ሌላም ነገር አለ፤ በፖርታ ካፔና አደባባይ ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሞ የኖረው፣ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ቦታ። የሌላውን ሀብት ወስዶ በአደባባይ ማቆምና የራስን አሮጌ ልብስ በአደባባይ መቸርቸር በአንድ ከተማ መገናኘታቸውን አሰብሁና አለፍሁ።)

ሌሎችም ገበያዎች አሉ። ከፓሪስ በስተ ሰሜን ያለው የሳንቱዋን ገበያ የተመሠረተው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከከተማይቱ የተገፉ ጨርቅ ለቃሚዎች ከቅጥሩ ውጭ በሰፈሩ ጊዜ ነው፤ ዛሬ ግን የዕቃው ዋጋ ለቃሚዎቹን ራሳቸውን የሚያስደነግጥ ሆኗል። የለንደኑ ፖርቶቤሎ በቅዳሜ ይደምቃል፣ ቱሪስት ግን ይበዛበታል። ለአዲስ አበባ ሰው ይልቁንም የሚቀርበው በሁለት ሰዓት በረራ የሚደረስበት የናይሮቢው ጊኮምባ ነው፤ ኬንያ ልባሽ ጨርቅ ማስገባትን ስለምትፈቅድ፣ በዚያ ቦንዳው፣ ማለትም የታሰረው የልብስ ጥቅል፣ በገዢው ፊት ተቆርጦ ይከፈታል፣ ከውስጡ ከሁሉ የተመረጠውን ነጋዴዎቹ «ካሜራ» እያሉ ለብቻው ያወጡታል። የገርጂው ወጣት ሞያውን የተማረው እዚያ ነው፤ ነገር ግን ጥሩ የሱፍ ኮት ከመቶ ቦንዳ አንድ እንኳ ላይወጣ ይችላልና፣ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ፊቱን ወደ ሮም አዞረ።

ሒሳቡ ቀላል አይደለም። መንገደኛው ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚፈቀድለት ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱም 23 ኪሎ ነው፤ አንድ ከባድ ካፖርት ደግሞ የሚይዘው ቦታ ከሁለት ኮት ይበልጣል፤ እንግዲህ ለካፖርቱ የሚከፈለው ዩሮ ብቻ ሳይሆን የሚያስቀረው ልብስም ዋጋ ይታሰባል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ ከመቶ ብር በላይ ስለ ዘለለ፣ ትናንት በርካሽ የተገዛው አሮጌ ኮት ዛሬ ቦሌ ሲደርስ ከአዲሱ የቱርክ ኮት የሚወደድበት ጊዜ አለ።

ከዚህም በላይ ሕጉ አለ። ኢትዮጵያ ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባትን ከልክላለች፤ ጉምሩክ ስለ ኮንትሮባንድ በሚያወጣቸው መግለጫዎች ልባሽ ጨርቅ ከሚያዙት ዕቃዎች ዝርዝር ተለይቶ አያውቅም። ይህም ሆኖ በሾላ ገበያም፣ በመገናኛ ዳርቻም፣ በመርካቶም ሰልባጅ ይሸጣል። በአውሮጳና በአሜሪካ በምጽዋት ስም የተሰበሰበው ልብስ በሻርጃና በሌሎች የኤምሬትስ ነፃ ቀጠናዎች ተለይቶና በቦንዳ ታስሮ፣ በበርበራ ወደብ አልፎ፣ ከሐርጌሳ ወደ ቶጎ ጫሌ፣ ከዚያም በጂግጂጋ በኩል ወደ ድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ሲወርድ፣ ሌላው ደግሞ ከኬንያ በሞያሌ ይገባል። እኔ ክልከላውን አልነቅፍም። ሩዋንዳ በልባሽ ጨርቅ ላይ ቀረጥ ብትጨምር አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 አጎዋ በተባለው ሕግ የሰጠቻትን ልብስ ያለ ቀረጥ የመላክ ዕድል እንደ ነፈገቻት ስናስታውስ፣ ነገሩ ለድኾች ልብስ የማዳረስ በጎ ሥራ ብቻ እንዳልሆነ ይገባናል። የእኛም ዕጣ ከዚያ አልተሻለም፤ በዚሁ በምሥራቅ አዲስ አበባ በ2006 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሴቶች ልጆቻችን ወደ አሜሪካ የሚላክ አዲስ ልብስ ሲሰፉ ከርመው፣ ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ ስትወጣ ፋብሪካዎቹ ገበያቸው ጠብቧል። አዲሱ ከዚህ ተሰፍቶ ይወጣል፣ አርጅቶ በበረሃ ተደብቆ ይመለሳል፤ ጥቂት ኮት በሻንጣ የሚያመጣው ወጣት በዚህ ትልቅ ምልልስ ውስጥ ያለው ስፍራ ኢምንት ነው፤ ቢሆንም በሕግ ዳር መቆሙን ራሱም አይክድም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን? ወጣቱን ይህን ስጠይቀው መልስ ሳይሰጥ ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶግራፍ አሳየኝ። አያቱ ናቸው፤ ፒያሳ ቆመው፣ አንድ እጃቸውን በኪሳቸው ከትተው፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ትከሻው እንደ ተላገ እንጨት ቀጥ ያለ፣ የሱሪው እጥፋት እስከ ጫማው የወረደ። «ይህን ነው የምፈልገው» አለ።

ፎቶግራፉ እውነት ይናገራል። አለባበስን በጥንቃቄ የመመልከት ባህል ለእኛ እንግዳ አይደለምና፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. መኳንንቱን አስከትለው ኢየሩሳሌምን፣ ፓሪስን፣ ሮምንና ለንደንን በጐበኙ ጊዜ፣ የአውሮጳ ጋዜጦች የካባቸውንና የበርኖሳቸውን ግርማ በአንክሮ ጽፈዋል፤ ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባዎቹ የአርመን ልጆችም በአዲስ አበባ የናስ ሙዚቃ ሲያሰሙ፣ በከተማዋ የነበሩ ሌሎች አርመኖች ደግሞ በልብስ ስፌትና በጫማ ሥራ ስም እያተረፉ ነበር። የዳርማር ጫማ፣ በኋላ አንበሳ የተባለው፣ ከዚያ ወገን የወጣ ነው። ጨርቁን የሚያመጡት የህንድ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ታላቁ የመሐመድአሊ ኩባንያ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን እስኪያባርሩት ድረስ በአገሪቱ ንግድ የገነነ ነበር። ያገለገለ ዕቃን መጠቀም ነውር ነው ለሚል ሰው ደግሞ፣ በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተከናወነው በእኒሁ በራስ ተፈሪ የንግሥ በዓል የዋለው ሠረገላ ቀድሞ የጀርመኑ ቄሣር የዳግማዊ ዊልሄልም እንደ ነበረ ማስታወስ ይበቃል።

ከነፃነት በኋላ ባሉት ሠላሳ ዓመታት በፒያሳና በመርካቶ የጣሊያን፣ የግሪክና የአርመን ልብስ ሰፊዎች፣ ከእነርሱም ሥር ተምረው የወጡ ኢትዮጵያውያን፣ ለሚኒስትሩም ለመምህሩም፣ ለክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘፋኝም ልክ እየወሰዱ ይሰፉ ነበር። ዓለማየሁ እሸቴ በአሜሪካውያን ፊልሞች ዘይቤ፣ ጥላሁን ገሠሠ በሙሉ ልብስና በከረባት በመድረክ ሲቆሙ፣ ሕዝቡ ዜማውን ብቻ ሳይሆን ኮቱንም ያጠና ነበር። አምኃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ባቋቋመው የሸክላ ማሳተሚያ የወጡት ሸክላዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ እትም ወደ ዓለም ሲዘልቁ፣ በሽፋኖቹ ላይ ያሉት የዘፋኞቹ ፎቶግራፎች ለውጭው ሰው ጭምር የአዲስ አበባን ልብስ ሰፊዎች ሥራ አሳዩ። ከየቤተ ሰቡ አልበም የተሰበሰቡ ሥዕሎችን ይዞ የወጣው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ዘፋኞቹን በስም እናውቃለን፤ የሸክላ አሳታሚውን በስም እናውቃለን፤ ኮቱን የሰፋው ሰው ማን ነበር ብለን ስንጠይቅ ግን የሚመልስ የለም። ከአብዮቱ በኋላ ካኪ ነገሠ፣ ብዙዎቹ የውጭ ሰፊዎች አገር ለቀው ሄዱ፣ ተማሪዎቻቸውም አረጁ፤ መዝገብም የያዘላቸው አልነበረም።

ልብሱ ራሱስ ወዴት ሄደ? ለዚህ መልሱ በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ የመኖሪያ መንደሮች በየማለዳው ይጮኻል፦ «ልዋጭ! ልዋጭ!» ልዋጩ በትከሻው ሳፋና ጆግ አንጠልጥሎ በየበሩ ያልፋል፤ አሮጌ ልብስ ይቀበላል፣ ላስቲክ ዕቃ ይሰጣል። ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ሦስት ሙሉ ልብስ አውጥተው በደጃፋቸው ሲደራደሩ ደረስሁ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ከባድ ነው፣ አሁን ማን ይለብሰዋል?» ይላል ልዋጩ፤ «አንተ ልጅ፣ ጨርቁን አትነካውም እንዴ፣ የእንግሊዝ ሱፍ ነው» ይላሉ እርሳቸው። ፈቃድ ጠይቄ አንዱን ገለበጥሁት። ገበሩ ሐር መሰል፣ የቁልፉ ቀዳዳ በእጅ የተከረከመ፣ በመካከሉም ያ የሚላወሰው ሦስተኛ ጨርቅ ነበረ፤ በውስጥ ኪሱ ላይ የፒያሳ ልብስ ሰፊ ስም በወርቃማ ክር የተጠለፈባት ጨርቅ ግማሿ ተቀድዳ ስለ ነበር፣ የቀሩት ፊደላት ሰውየውን ለመለየት አልበቁም። ከጥቂት ክርክር በኋላ ሦስቱም በአንድ ትልቅ ሳፋና በሁለት ጆግ ሄዱ። ከዚያ መርካቶ ይወርዳሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይተኮሳሉ፣ ቁልፋቸው ተተክቶ ወደ ክፍለ ሀገር ገበያ ይጫናሉ።

እናትየዋን መውቀስ አይገባም። የሟች ልብስ በቤት መቆየቱ ኀዘን ያድሳል የሚል እምነት አለ፤ በጥንቱ ልማድም የሟቹ ልብስ ለነዳያን ይመጸወታል እንጂ አይሸጥም ነበር። ልጆቹም ቢሆኑ «የሞተ ሰው ልብስ» ይሉታል፤ ያንኑ የመሰለውን ልብስ ግን የማያውቁት የሮም ሰው ለብሶት ሞቶ፣ በሻንጣ ተሻግሮ ቦሌ ሲደርስ በብዙ ሺሕ ብር ይገዙታል። (የገርጂው ወጣት እንደ ነገረኝ ከደንበኞቹ የገዙትን ኮት ጠበል የሚረጩበት አሉ፤ ይህን የሚያደርጉት ግን በሮሙ ላይ ነው፤ የአባታቸውን አላመጡለትም።) በወጣቱ ሰርቪስ ክፍል ውስጥ በአዲስ አበባ የተሰፋ ኮት እንዳለ ብጠይቀው አንድም እንደሌለው፣ ቢያገኝ ግን ከጣሊያኑ አስቀድሞ እንደሚሰቅለው ነገረኝ።

እኔ የዚህን ወጣት ጉዞ አልነቅፍም፤ ዓይኑን ያሠለጠነው በዚያ ጉዞ ነው። ነገር ግን ያ ዓይን ከሁሉ በፊት ሊያየው የሚገባው ልብስ በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በአያትና በኮተቤ ቁም ሣጥኖች ውስጥ ተሰቅሎ የልዋጭን ድምፅ በመጠበቅ ላይ ነው። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የአባታችሁን ሙሉ ልብስ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት የውስጥ ኪሱን ገልብጡና የሰፊውን ስም አንብቡ፤ ስሙ የተጻፈባትን ጨርቅ ፎቶግራፍ አንሡ፤ አባታችሁም በሕይወት ካሉ ልኩን ማን እንደ ወሰደላቸው፣ ሱቁ የት እንደ ነበረ፣ ስንት እንደ ከፈሉም ጠይቃችሁ ጻፉት። ከዚያ በኋላ ልብሱን ብትለብሱትም፣ ብትመጸውቱትም የእናንተ ፈቃድ ነው።